የሌሊት ጥበቃ ነኝ፤ በዚህ ታኅሣሥ ከጣና ዳር ሆኜ ሰማይ ላይ ምን ልጠብቅ?

ዘበኛው
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ማታ 12 ሰዓት እገባለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ። 9 ዓመት ሞላኝ። ይህን የምትጽፈው ልጄ ናት፤ 8ኛ ክፍል ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ። አሳምራው ከተገኘ ጥፋቱ የሷ ነው።

ሥራዬ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። በሩን አያለሁ፣ አጥሩን አያለሁ፣ የታሰሩትን ጀልባዎች አያለሁ። ሌባ ቢመጣ በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም የሚወስደው ገመድ ነው። የቀረውን ሰዓት ሰማይ ሳይ አድራለሁ። የኮከቦቹን ስም አላውቅም፤ ሰዓታቸውን ግን አውቃለሁ። የትኛው በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደሚወጣ ብትጠይቁኝ ብዙ አልሳሳትም።

አሁን የከነከነኝን ልጠይቅ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በዓባይ በኩል አንድ ትልቅ ብርሃን ይወጣል። ከሁሉም ይደምቃል። ሌሎቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ እሱ ፍጥጥ ብሎ ያያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የአዲሱ ድልድይ መብራት መስሎኝ ነበር። ኋላ ከፍ ሲል ጊዜ ድልድይ አይነሣም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩን አቋርጦ፣ ሊነጋጋ ሲል በዘጌ በኩል ነው የማገኘው። ምንድን ነው?

ሌላው የጠፋ ነገር ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ የአጥቢያ ኮከብ ነበረችኝ። እሷ ብቅ ስትል ጋቢዬን አጣጥፌ የሻይ ውኃ እጥዳለሁ። ኅዳር ላይ እየዘገየች፣ እየዘገየች መጣች። አሁን ጭራሽ የለችም። የት ሄደች? ሻዬ ሰዓቱን ሳተ።

ሦስተኛው ጥያቄ የልጄ ነው። ቲክቶክ ላይ ቅዳሜ ሌሊት ኮከብ ይዘንባል ሲባል ሰምታለች። ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ፣ አንዳንዱ ኮከብ ነው አንዳንዱ መርከብ ነው የሚለው ነገር ወደ ምድር እየቀረበ ነው ብላ ሁለት ሌሊት በደንብ አልተኛችም። (ይህን አረፍተ ነገር ሰርዤው ነበር፣ አባባ መልሼ እንድጽፈው አደረገኝ።)

ያለኝ ዕቃ ባትሪ፣ ጋቢ፣ እና አንድ የወፍ ተመልካች እንግዳ ረስቶት የሄደ ባይኖኩላር ነው። ባለቤቱ ካልመጣ ልጠቀምበት ተፈቅዶልኛል።

---

የሰገነቷ መምህርት
ታኅሣሥ 2 ቀን

ጋሼ፣ ግማሹን መልስ ራስዎ ነግረውናል። ብልጭ ድርግም የማይል ብርሃን ካዩ ፕላኔት ነው። ኮከብ እጅግ ሩቅ ስለሆነ ለዓይናችን ነጥብ ነው፤ አየሩ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ነጥቧን ያንቀጠቅጣታል። ፕላኔት ግን ቅርብ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ስፋት አለው፣ አየር በቀላሉ አያናውጠውም። የእርስዎ እንግዳ ጁፒተር ነው።

ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ወደ 4 ደቂቃ እየቀደመ ይወጣል። ልብ ብለው ያዩት እንደሆነ ለገና ልክ ሲመሽ ብቅ ይላል። ጥር 2 ቀን ፀሐይ በምድር ወዲህ፣ እሱ በምድር ወዲያ ይሆናሉ፤ የዓመቱ ድምቀቱ ያኔ ነው። ቅርብ ሆነ ስንል ግን ከ630 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያንን ባይኖኩላር በእጅዎ አይያዙት፤ ይንቀጠቀጣል። አጥር ላይ ወይም ወንበር ጀርባ ላይ ያስደግፉትና ወደ ጁፒተር ያዙሩት። ከጎኑ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ያያሉ። እስከ 4 ይሆናሉ። ጨረቃዎቹ ናቸው። ጋሊሊዮ በ1610 (እንደ ፈረንጅ) ያያቸው እነሱን ነው። በማግሥቱ ሲያዩ ቦታ ቀይረዋል። የፈረቃ መዝገብዎ ጠርዝ ላይ በየቀኑ ነጥብ ነጥብ ያድርጉ፤ በሳምንቱ ምን እንደሚዞር ራስዎ ያገኙታል። እኔ 22 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪ እንደዚህ በነጻ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያይ ቢኖረኝ ብዬ እመኝ ነበር።

የአጥቢያ ኮከብዎ ቬነስ ናት። አልጠፋችም፣ ከፀሐይ ጀርባ እየገባች ነው። ልክ በገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28፣ ከፀሐይ ኋላ ትሆናለች። ከዚያ በሌላው ጎን ትወጣለች። የካቲት ላይ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ ይፈልጓት። ያኔ መውጫ ሰዓትዎን ሳይሆን መግቢያ ሰዓትዎን ትነግርዎታለች።

ስላልጠየቁት አንድ ነገር ልጨምር። ከገቡ በኋላ፣ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአናትዎ ትንሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዘነበለ ቢጫ ቢጤ ረጋ ያለ ብርሃን አለ። እሱ ሳተርን ነው። ዘንድሮ ቀለበቱ በጠርዙ በኩል ስለዞረን በትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚታየው። በእርስዎ ባይኖኩላር አይሞክሩት፣ ያናድዳል። አርብ ታኅሣሥ 17 ማታ ጨረቃ አጠገቡ ትሆናለች፤ እንዳይስቱት ያኔ ይለዩት።

አሁን ወደ ቅዳሜ። ልጅሽ ያለችው እውነት ነው። ይቅርታ፣ ልጅዎ። ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ሌሊት ነው። ኮከብ ግን አይደሉም፣ አይዘንቡምም። ፋኤቶን የሚባል አለት አለ፤ በ1983 (እንደ ፈረንጅ) በሳተላይት የተገኘ። ፀሐይን በአንድ ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይዞራል። በመንገዱ ላይ ፍርፋሪ ጥሏል፤ ምድር በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ያንን ፍርፋሪ ሰንጥቃ ታልፋለች። እያንዳንዷ ቅንጣት ብዙውን ጊዜ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። የምትመጣው ግን በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ፍጥነት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር መስመር 10 ሰከንድ አይሞላም። (የሌሊቱን አውቶቡስ አስቡት።) ከእኛ በላይ በአየር ውስጥ ትቃጠልና ያቺን ጭረት እናያለን። መሬት የሚደርስ የለም።

እርስዎ የቆሙበት ቦታ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። ከባሕር ዳር ስናይ ጣና በሰሜን ነው። ጀርባችን ከተማ፣ ፊታችን ጨለማ ውኃ። ተወርዋሪዎቹ የሚፈነጥቁበት ቦታ ደግሞ ከጁፒተርዎ ብዙ አይርቅም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በሰሜን ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ይሆንና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይቆማል። ፊትዎን ወደ ሐይቁ አድርገው ወንበርዎን ወደ ኋላ ጋደም ማድረግ ብቻ ነው። ወደ አንድ ቦታ አያፍጥጡ። ጨረቃ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል በፊት የለችም፤ ብትወጣም ጎዶሎ ናት። ድቅድቅ ባለ ቦታ በሰዓት እስከ 120 ሊታይ ይችላል ይላሉ። እርስዎ መብራት አጠገብ ስለሆኑ ሩቡን ካዩ ደስ ይበልዎት።

ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስልክ አንዴ ካዩ እንደገና ከዜሮ ነው። ባትሪዎ ላይ ቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፈው ይሰሩበት፤ ቀይ ብርሃን ዓይን አያበላሽም፣ ሌባም ያሳያል።

እስኪጀምር ድረስ ደግሞ ሥራ ልስጥዎት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ፊትዎን ወደ ሐይቁ አድርገው ቀና ይበሉ። 5 ኮከቦች ተያይዘው ያገኛሉ። ፈረንጆች በላቲን ፊደል ይመስሉታል። እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው ንጉሡ ሠ ነው፤ የተገለበጠ ሠ፣ እግሮቹ ወደ ውኃው። ካሲዮፒያ ትባላለች። ከእሷ እጅዎን ዘርግተው በቡጢ ሦስት ቡጢ ያህል ወደ ውኃው ሲወርዱ አንድ ብቸኛ ኮከብ አለ፤ ብዙም አይደምቅም። የሰሜን ኮከብ ነው። መጽሐፍ ላይ «ከፍ ብሎ» ይላል፤ የተጻፈው ለአውሮፓ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ከውኃው ከአንድ ቡጢ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ስለምትርቅ። 9 ዓመት ሙሉ ሌሎቹ ሲዞሩ አንድ ቦታ የቆመ ኮከብ አይተው ከሆነ እሱ ነው።

ይህች ካሲዮፒያ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት። ቀልዴን አይደለም። ከሷ በስተግራ ደብዘዝ ያለው ባሏ ንጉሥ ሴፊየስ ነው። ከላይ ልጃቸው አንድሮሜዳ። በስተቀኝ እሷን ከባሕር አውሬ ያዳናት ፐርሲየስ። ቤተሰቡ በሙሉ በታኅሣሥ ምሽት ጣና ላይ ይቀመጣል። በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱ ይገርመኛል። አሁን ባይኖኩላሩን ያንሡ። የተገለበጠው ሠ ሁለት ጫፎች አሉት፤ በግራ ያለው ሾል ያለው ነው። እንደ ቀስት ወደ ላይ ያመለክታል። በዚያ አቅጣጫ አንድ ቡጢ ተኩል ሲሄዱ ጭጋግ የመሰለ፣ ሞላላ ነገር ያያሉ። መነጽሩ ቆሽሾ አይደለም፤ አይጥረጉት። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ነው። ያ ብርሃን ከዚያ ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሰው በባዶ ዓይኑ ሊያያቸው ከሚችላቸው ነገሮች ከሩቆቹ አንዱ ነው።

ጳጉሜ 2 ጨረቃ በግርዶሽ ደም ስትመስል እኔ ሰገነቴ ላይ ሁለት ሰዓት ደመና ሳይ አመሸሁ። ስለዚህ ታኅሣሥን አልለቅም።

---

አራተኛ ዓመት
ታኅሣሥ 2 ቀን

ለእህቴ፣ ለጸሐፊዋ፦ ተኚ።

ያ ነገር አትላስ የሚባል ጅራታም ኮከብ ነው። ቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ ሰኔ 24 ቀን 2017 አገኘው። የሚገርመው ከእኛ ፀሐይ ቤተሰብ አይደለም፤ ከሌላ ኮከብ አካባቢ የመጣ መንገደኛ ነው። እንዲህ ዓይነት ሲገኝ ሦስተኛው ነው፤ የፊተኞቹ በ2017 እና በ2019 (በፈረንጅ) የታዩት ነበሩ። ለምድር በጣም የሚቀርበው ታኅሣሥ 10 ነው። «የሚቀርበው» ሲሉሽ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ራሷ ከዚያ ትቀርበናለች። በዓይን አይታይም፣ በአባባ ባይኖኩላርም አይታይም። አልፎ ይሄዳል፣ አይመለስም። መርከብ ነው የሚሉት ሰዎች ላይክ ነው የሚፈልጉት።

---

ታሪክ ወዳድ
ታኅሣሥ 3 ቀን

መምህርት፣ አንድ ማረሚያ። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሁሉ የሚያጠቃልል ልቅ ስም ነበር። አንዳንድ የጥንት ጸሐፊዎች ደግሞ አንድሮሜዳ የታሰረችበትን አለት ኢዮጴ፣ የዛሬዋ ያፋ፣ ነው የሚሉት። ጣና ዳር አምጥቶ ማስቀመጥ ትንሽ መድፈር ነው።

---

የሰገነቷ መምህርት
ታኅሣሥ 3 ቀን

ልክ ነህ። ተረቱን ጣና ዳር አላመጣሁትም፤ ኮከቦቹ ናቸው የመጡት። ማታ ወጥተህ እይ።

---

የጎርጎራ ጀልባ
ታኅሣሥ 3 ቀን

አያ ዘበኛው፣ ሰላም ነህ? እኔ ከወዲያ ማዶ ነኝ፤ ጎርጎራ። ዓሣ አስጋሪ ነኝ፣ መረብ የምጥለው ማታ ነው። ያው እኔም የሌሊት ሠራተኛ ነኝ።

የመምህርቷ ወሬ ሁሉ ለእናንተ ነው። እኛ ጋ ውኃው በደቡብ ነው። ስለዚህ እናንተ ሰሜኑን ስታዩ እኛ ደቡቡን እናያለን። አንድ ሐይቅ ነው፣ ሰማዩ ግን ተካፍለነዋል። እናንተ የማታዩትን ልንገርህ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ከውኃው ላይ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ አንድ ነጭ ኮከብ ይነሣል። አባቴ ስሙን አያውቀውም ነበር፣ መረብ ግን በሱ ይጥል ነበር። ስልኬ ካኖፐስ አለኝ። ከሰማይ ኮከቦች ሁሉ በድምቀት ሁለተኛ ነው። አንደኛው ሲሪየስ ደግሞ ከእሱ ከፍ ብሎ በምሥራቅ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ካኖፐስ ልክ ፊት ለፊቴ፣ በደቡብ ይቆማል። ውኃው ረግቶ ከሆነ ጥላው ውኃ ላይ እንደ ክር ወርዶ ታንኳዬ ድረስ ይደርሳል። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ በቀዘፋ የምቆርጠው ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ንጋት፣ 11 ሰዓት ላይ፣ መረብ ስንስብ ከካኖፐስ ወደ ግራ 4 ኮከቦች ዝቅ ብለው ይወጣሉ። የደቡብ መስቀል ነው። በዚህ ወር የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው፣ ያውም ጉም ካልጣለ። አውሮፓ ያለ ሰው እሱን ለማየት ባሕር ይሻገራል። እኛ ዓሣ እየፈታን እናየዋለን።

አንተም አትከልከል። ጀርባህን ለጣና ስጥና የከተማው መብራት በማያገኝህ ጥግ ደቡቡን እይ። ካኖፐስ ያስቸግርህ እንደሆነ እንጂ ይታይሃል።

የከተማችሁን መብራት ካነሣሁ አይቀር፦ ከዚህ ስናይ ባሕር ዳር በደቡብ በኩል እንደ ጎሕ ቀልታ ነው የምትታየን። ሲጠፋባችሁ ጎሑም ድርግም ይላል። ልጆቹ «ባሕር ዳር ተኛች» ይላሉ። እናንተ ስትማረሩ እኛ ኮከብ እንቆጥራለን፤ ይቅር በለን።

አንድ ምክር። ማረፊያህ በዓባይ መውጫ በኩል ከሆነ ሰማይ እያየህ ወደ ዳር አትሂድ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። ኮከብ አንጋጦ የሚያይ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ከአጥር ውስጥ ሆነህ እይ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ከግቢ ርቆ መሄድ ለማንም አይመከርም።

---

ዘበኛው
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ እየጻፈች ነው፣ እኔ ገና አልተኛሁም።

መጀመሪያ ለመምህርቷ። ጳጉሜ 2 እኔ አይቻታለሁ! ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ደመናው ለሩብ ሰዓት ያህል ተከፈተ። ጨረቃ እንደ ሸክላ ድስት ቀልታ ነበር። ያን ቀን የምነግረው ሰው አጥቼ ለውሻው ነገርኩት። አልነግርሽም ብዬ ነበር፣ አላስቻለኝም።

ቅዳሜ ማታ ባለቤቱን የጀልባ ማሰሪያውን መብራት ለአንድ ሌሊት እናጥፋው ብዬ ለመንኳቸው። «ለኮከብ ብዬ ሌባ ላስገባ?» አሉኝ። እኔም እኔ ምን ልሠራ ነው እዚህ ያለሁት አልኩ። በሆዴ። መብራቱ እንደበራ ቀረ። ወንበሬን ከመጋዘኑ ጀርባ አዞርኩት፤ እዚያ ግድግዳው ይከልለኛል፣ በሩም ይታየኛል፣ ሐይቁም ፊት ለፊቴ ነው። ቀዩን ፌስታል ሦስት ጊዜ አጥፌ ባትሪው ላይ በላስቲክ አሰርኩት። ከሱቅ የተገዛ ቲማቲም የመጣበት ነው። እጄ ሁሉ ቀላ።

ልጄ እስከ 5 ሰዓት አብራኝ እንድታመሽ ተፈቅዶላት ነበር፤ እናቷ እንጀራ ይዛ መጣች። ንጉሡን ሠ ያገኘችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ሌላ ቦታ እያየሁ «ይኸው» እላለሁ፣ እሷ አገጬን ይዛ ታዞረኛለች። ካገኘሁት በኋላ ግን አወቅኩት። 9 ዓመት አየሁት እኮ! ሐምሌ ላይ ማታ 5 ሰዓት ገደማ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ እሱ ነው ከውኃው የሚነሣው። ሠ መሆኑን ነው ያላወቅኩት። የሰሜኑንም ኮከብ አገኘነው። አንድ ቡጢ ለካሁ፤ ቡጢዬ ትልቅ ስለሆነ ልክ በልክ መጣ። ልጄ በሷ ቡጢ አንድ ተኩል ሆነባት፤ እጇም አጭር ነው። መምህርት፣ በማን ቡጢ እንደሆነ አልነገርሽንም።

ጭጋጉን ግን አየሁት። አንድሮሜዳን። መነጽሩን አልጠረግኩም፣ አትጥረግ ስላልሽኝ። ቀጥ ብዬ ሳይ ይጠፋል፣ ወደ ጎን ሳይ ይመጣል። ለምን እንደሆነ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል። የ2 ሚሊዮን ተኩሉን ዓመት ነገር ለልጄ ሳነብላት (ያነበብኩት እኔ ነኝ ትላለች) ለሚስቴ ነገርናት። «ታዲያ አሁን እዚያ ምን አለ?» አለች። ዝም አልን።

ጁፒተር 4 አልሆነልኝም። 3 ነው ያየሁት። መዝገቡ ጠርዝ ላይ አንድ ክብ፣ በአንድ ወገን ሁለት ነጥብ፣ በሌላው አንድ አደረግኩ። ጠዋት ተረኛው ሲረከበኝ «ይህ ምንድን ነው? ገባ የሚል ሰው ነበር?» አለኝ።

ወደ ዋናው። ልጅ ሆነን አገር ቤት ኮከብ ሲወድቅ «ሰው ሞተ» ይባል ነበር፤ ስንቆጥርም እናቴ ትቆጣን ነበር። ስለዚህ ለመቁጠር መላ ፈለግኩ። ሚስቴ ከእንጀራው ጋር የተቆላ ሽምብራ አምጥታልኝ ነበር። በቀኝ ኪሴ ጨመርኩት። አንድ ተወርዋሪ ባየሁ ቁጥር አንድ ሽምብራ ከቀኝ ወደ ግራ ኪስ። ከአፌ ቁጥር አይወጣ፣ እጄ ይቆጥራል።

እስከ 4 ሰዓት 5 ብቻ ነበር። ልጄ ሁለቱን አየች፤ አንዱ ረጅም ነበር፣ ከሐይቁ ላይ አግድም ሄዶ በደሴቶቹ በኩል ጠፋ። ጮኸች። ፎቅ ላይ ያለ እንግዳ መስኮት ከፍቶ «ምንድን ነው?» አለ። «ኮከብ ነው ጌታዬ» አልኩት። መስኮቱን ዘጋ። ኋላ ግን በጋቢ ተጠቅልሎ ወርዶ እስከ 7 ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ሲያይ «ኧ» ይላል፣ እኔ ሽምብራ አሳልፋለሁ።

ከ6 ሰዓት በኋላ በዛ። አንዳንዴ 10 ደቂቃ ምንም የለም፣ ከዚያ ሁለት ሦስት በአንድ ጊዜ። 8 ሰዓት አካባቢ አንዷ በጣም ደምቃ ወረደች፤ አረንጓዴ ነገር ያላት መሰለኝ፤ ውኃው ላይ እንኳ ብልጭ አለ። ውሻው ተነሣ። ከማዶ በኩል፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ጉማሬው «ሆህ» አለ። የጎርጎራው ወንድሜ፣ ምክርህ ትዝ ብሎኝ ወንበሬን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሳብኩ።

9 ሰዓት ተኩል ላይ ጉም ከሐይቁ ተነሣና ሰሜኑን ሸፈነው። ደቡቡን ለማየት ዞርኩ፤ ካኖፐስህ ይሁን የሆቴል መብራት ይሁን አልለየሁትም። ሌላ ቀን።

ጠዋት ግራ ኪሴን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። 43 ሽምብራ። አራተኛ ዓመት ልጅ፣ እንዳትስቅ፤ ቁጥሩ በትክክል 43 ላይሆን ይችላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ራበኝና የትኛው ኪስ እንደሆነ ሳላጣራ ጥቂት በልቻለሁ።